ፓምፑን ከመቀየራችሁ በፊት ጎማውን እዩት፦ ቫኪዩም መያዣ አዲስ አበባ ላይ እንዴት ይሠራል?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከአካባቢዋ ብዙ ሱቅና ወርክሾፕ ተነስቷል። ማስታወቂያ ሠሪው፣ የቤት ዕቃ ሠሪው ማሽኑን ጭኖ ሌላ ቤት ገብቷል። ማሽን ተነቅሎ ሲተከል ግን ሁሉም ነገር እንደነበረ አይመለስም። ሲኤንሲ የሚባለው በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን ያለው ሰው ከግቢ ለውጥ በኋላ የሚያሰማው ስሞታ ይታወቃል፦ «ቫኪዩሙ እንደ ድሮው አይዝም።»

ወዲያው የሚጠረጠረው ፓምፑ ነው። ፓምፕ ደግሞ ውድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ከፓምፑ እስከ ማሽኑ ጠረጴዛ አየር በሚያመላልሰው ጎማ (ቱቦ) ላይ ነው። ወይ ረዝሟል፣ ወይ ጠብቧል፣ ወይ አንድ ቦታ አየር ያስገባል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለው ብክነት ከቆላ አገር ይልቅ ይጎዳል። ለምን እንደሆነ እንየው።

ለመሆኑ ቫኪዩም መያዣ ምንድን ነው?

ጣውላ ወይም ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) በማሽን ሲቆረጥ መንቀሳቀስ የለበትም። በሞርሳ ወይም በቡሎን ማሰር ይቻላል፤ ግን የታሰረበት ቦታ ለመቁረጥ እንቅፋት ይሆናል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ ቀዳዳዎች ወይም ቦዮች አሉ። ፓምፑ ከጣውላው ሥር ያለውን አየር በጎማ በኩል ያወጣል። ጣውላው ያለ ምንም ማሰሪያ ጠረጴዛው ላይ ይጣበቃል።

ሰው ሁሉ «ፓምፑ ሳበው» ይላል። እውነቱ ግን ፓምፑ ጣውላውን አይስብም። ሥሩ ያለውን አየር ብቻ ነው የሚያወጣው። ጣውላውን ወደ ታች የሚጫነው ከላይ ያለው አየር ነው፤ ማለትም እኛ የምንተነፍሰው አየር ክብደት። ይህን ያዙልኝ፤ የቀረው ነገር ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

በአገራችን ወርክሾፖች ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው ዙሪያውን በማሸጊያ ጎማ የተዘጋ ነው። አየር ስለማይገባ ፓምፑ ጥቂት አየር ብቻ አውጥቶ ጠንካራ ቫኪዩም ይፈጥራል። ሁለተኛው ጠረጴዛው ላይ ኤምዲኤፍ ተነጥፎ በኤምዲኤፉ ውስጥ አየር የሚሳብበት ነው። ኤምዲኤፍ አየር ያሳልፋል። ስለዚህ አየሩ ሥራው እስኪያልቅ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ይህኛው ብዙ አየር የሚያንቀሳቅስ ትልቅ ፓምፕ ይፈልጋል። ሁለቱ ጎማ ላይ ያላቸው ጥያቄ በጣም ይለያያል።

ጌጁ (የቫኪዩሙ መለኪያ) መጽሐፉ ያለው ቁጥር ላይ ለምን አይደርስም?

የማሽኑ መጽሐፍ «ጌጁ ከዜሮ በታች 0.85 ባር ማሳየት አለበት» ይላል እንበል። ባለቤቱ ያየዋል፤ ጌጁ 0.64 ላይ ቆሟል። ፓምፑ ደክሟል ማለት ነው? አይደለም። ከተማዋ ከፍታ ላይ ናት።

የባሕር ጠለል ላይ አየሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ይጫናል። 1.01 ባር ማለት ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ፒያሳና መርካቶ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላሉ። እዚህ ከላያችን ያለው አየር ትንሽ ስለሆነ ግፊቱ 0.76 ባር አካባቢ ነው፤ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ። ስለዚህ ዓለም ላይ ምርጥ የሚባለው ፓምፕ እንኳ መርካቶ ውስጥ ጌጁን ከ0.76 ወይም 0.77 በላይ ሊወስደው አይችልም። ከዚያ በኋላ የሚወጣ አየር የለም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1648 ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የእህቱን ባል የሜርኩሪ ቱቦ አስይዞ ፑይ ደ ዶም የተባለ ተራራ ላይ አስወጣው። ተራራው አናት ላይ ሜርኩሪው ከግርጌው ይልቅ ዝቅ ብሎ ተገኘ። አየሩ የሚጫነው ባነሰ ኃይል ነበርና። የሚገርመው፣ ያ ተራራ 1,465 ሜትር ነው። የእኛ ሰው በፒያሳ ቁልቁለት እየተንሸራሸረ ፓስካል ከላከው ሰው 900 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይውላል።

ስለዚህ ቀላል ዘዴ ይኸውና። መጽሐፉ ላይ ያለውን የቫኪዩም ቁጥር በ0.75 አባዙት። 0.85 ባር የነበረው 0.64 ይሆናል። በኢንች ሜርኩሪ የሚለካ ጌጅ ከሆነ የመጨረሻው 30 ሳይሆን 22.5 አካባቢ ነው። በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ደግሞ 760 የነበረው 570 ገደማ ይሆናል።

ይህ በኪሎ ሲታይ ምን ማለት ነው? 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በደንብ የታሸገ ጣውላ 1,200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። በ0.85 ባር 1,040 ኪሎ ያህል ይጫነዋል። በ0.64 ባር 780 ኪሎ። ለትልቅ ጣውላ ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው። ጣጣው የሚመጣው በትንንሹ ነው። ማስታወቂያ ሠሪ የሚቆርጠው 5 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፊደል 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ0.64 ባር 26 ኪሎ ያገኛል። ጎማው አባክኖ ጠረጴዛው ላይ 0.30 ብቻ ከደረሰ 12 ኪሎ ይቀራል። ቢቱ (የሚቆርጠው ስለት) ደግሞ የሚገፋው ወደ ጎን ነው። ወደ ጎን የሚመክተው ሰበቃው ብቻ ስለሆነ እውነተኛው የመያዝ አቅም ከዚያ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ አራት ኪሎ ገደማ ብቻ። ፊደሉ ለምን እንደሚፈናጠር አሁን ግልጽ ነው።

የባሕር ጠለል ላይ ያለ ወርክሾፕ ሩብ ያህሉን ቢያባክን እኛ ከጀመርንበት ላይ ነው የሚደርሰው። እኛ ግን የምናባክነው ትርፍ የለንም።

ጎማው ምን አገባው?

ጁስ ቤት ገብታችሁ ወፍራም አቮካዶ በቀጭን ስትሮ ለመጠጣት ሞክሩ። ጉንጫችሁ እስኪገባ ትስባላችሁ፤ የሚመጣው ግን ጠብታ ነው። ስትሮው ስስ ከሆነ ይጣበቃል። ጎኑ ላይ ቀዳዳ ካለው ደግሞ አየር ብቻ ትጠጣላችሁ። ጎማ የሚያበላሽባቸው መንገዶች እነዚህ ሦስቱ ናቸው፦ መጥበብ፣ መጨፍለቅ፣ ማስገባት።

መጥበብን ሰው አቅልሎ ያየዋል። የጎማው የውስጥ ስፋት (ዲያሜትሩ) በግማሽ ሲቀንስ ያንኑ አየር ለማሳለፍ ያለው ተቃውሞ በሁለት እጥፍ አይደለም የሚጨምረው። ቢያንስ በ16 እጥፍ ነው፤ አየሩ በፍጥነት ሲሮጥ ወደ 32 እጥፍ ይጠጋል። ርዝመት ግን እንዲህ አይከፋም። ጎማው በእጥፍ ሲረዝም ተቃውሞውም በእጥፍ ብቻ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ፓምፑን ለድምፁ ብላችሁ ከክፍሉ ውጪ ካስቀመጣችሁት ችግር የለም፤ ጎማውን ወፍራም አድርጉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። ጎማ ግፊት የሚበላው በውስጡ አየር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ዙሪያውን በደንብ የታሸገ መያዣ ላይ ጥቂት አየር ከወጣ በኋላ ፍሰቱ ይቆማል። ያኔ ቀጭን ጎማም ቢሆን ጫፍና ጫፉ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይታያል፤ ልዩነቱ ለመሙላት ትንሽ መዘግየቱ ነው። በኤምዲኤፍ በኩል የሚስብ ጠረጴዛ ላይ ግን አየሩ ሁልጊዜ ይሮጣል። ቀጭን ጎማ እዚያ ሥራ ይገድላል። «ጓደኛዬ ጋ በዚሁ ጎማ ይሠራል» የሚል ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የጓደኛውን ጠረጴዛ ዓይነት ጠይቁ።

ማረጋገጫው ርካሽ ነው። አንድ ጌጅ ፓምፑ አፍ ላይ፣ ሌላ ጌጅ ጠረጴዛው ሥር ግጠሙ። ማሽኑ ጣውላ ይዞ እየሠራ ሁለቱን እዩ። ልዩነቱ ጎማው የበላው ነው። ፓምፑ ጋ 0.60፣ ጠረጴዛው ጋ 0.35 ካያችሁ ፓምፑን መንቀፍ አይቻልም። እኔ ለአንድ ወርክሾፕ መጀመሪያ ግዙ የምለው ዕቃ ይህ ሁለተኛ ጌጅ ነው።

የትኛውን ጎማ ልግዛ?

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ 10 ባር ይችላል» ይላችኋል። አልዋሸም። ግን 10 ባር የሚችለው ከውስጥ ወደ ውጪ ሲገፋ ነው። የእናንተ ጎማ የሚጨፈለቀው ከውጪ ወደ ውስጥ ነው። ጥያቄው «ስንት ባር ይችላል?» ሳይሆን «ሲሳብ ይጨፈለቃል?» ነው። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ ይችል ይሆናል። ሲታጠፍና ሲሞቅ ግን መታጠፊያው ላይ ይጣበቃል። ሲቆም መልሶ ስለሚነፋ ችግሩን በዓይን ማየት እንኳ ያስቸግራል።

ለዋናው መስመር የሚሆነው ውስጡ ጥቅል ሽቦ ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ ጥምዝ ያለው ጎማ ነው። የውስጡ ግድግዳ ለስላሳ ይሁን። እንደ ቤት ማጽጃ ቫኪዩም ጎማ ውስጡ የተሸበሸበ ከሆነ አየሩን ያዘገያል፤ ብናኝም ያከማቻል። ውስጡን የሚያሳይ ጎማ ካገኛችሁ ይሻላል፤ የተከማቸውን ዱቄት ታዩበታላችሁ። ለትንንሽ መያዣዎች ግድግዳው ወፍራም የሆነ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ሚሊ ሜትር የአየር ቱቦ ይበቃል።

ስፋቱ ከፓምፑ አፍ ጋር እኩል ይሁን። የፓምፑ አፍ 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ ገበያ ላይ 25 ብቻ ስለተገኘ ማጥበቢያ ገጥሞ መቀጠል የተለመደ ነው። ለመርካቶ ትራንስፖርት ጥቂት ብር ቆጥባችሁ የፓምፑን ጉልበት ጣላችሁ ማለት ነው።

እንዴት ይገጠማል?

ጫፉን በስለት ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። በመጋዝ ከተቆረጠ ጫፉ ይቦጫጨቃል፤ ፍርፋሪውም ወደ ፓምፑ ይገባል። የወጣ ሽቦ ካለ በፒንሳ አሳጥሩት። ጎማው ጠንክሮ እምቢ ካለ ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ንከሩት፤ የሳሙና ውሃም ያንሸራትታል። ላይተር ግን አትጠቀሙ። የተቃጠለ ጎማ ለጊዜው ይገባል፤ በኋላ ግን እዚያው ጋ ይሰነጠቃል።

የመግጠሚያውን ጥርሶች ሁሉ እስኪሸፍን ግፉት። ፋሼታው (ጎማውን የሚያስረው የብረት ቀለበት) የጎማው ጫፍ ላይ ሳይሆን ጥርሶቹ ካሉበት በላይ ይረፍ። ጎማው እንዳይዞር ድረስ አጥብቁና ተዉት። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጎማውን ይቆርጠዋል። ለስላሳ ጎማ ደግሞ በማግስቱ ትንሽ ስለሚላላ አንድ ጊዜ እንደገና በካቻቢቴ መነካት አለበት።

ሽቦው በውጪ ጎልቶ የሚታይ ጎማ ላይ ተራ ፋሼታ ጉብታውን ብቻ ይይዛል። በጉብታዎቹ መሃል አየር እየዞረ ይገባል። ለዚህ ጎማ ተብሎ የተሠራ፣ ጉብታውን የሚዘል ፋሼታ አለ። ካልተገኘ ጉድጓዱን በላስቲክ ቴፕ ሞልቶ እኩል ካደረጉ በኋላ ማሰር ነው።

ጥርስ ያለው የቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠቅልሉ። የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተዉት። ቁራጭ ቴፍሎን ከገባ ቫልቭ ሥር ተቀርቅሮ ማንም የማያገኘው ብልሽት ይሆናል። ጥርሱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የማይሄድ ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ቴፍሎን ብቻውን አያሽግም፤ ማሸጊያ ጎማ ይፈልጋል።

ሌላው ወጥመድ በእጅ ተገፍቶ የሚገባው የኮምፕሬሰር መግጠሚያ ነው። አንዳንዶቹ የሚያሽጉት ከውስጥ ግፊት ሲኖር ብቻ ነው። ሲሳብ ማሸጊያቸው ይከፈታል። ስትገዙ ለቫኪዩምም የሚሆን መሆኑን ጠይቁ።

አየር የሚያስገባውን ቦታ እንዴት ላግኘው?

የጋዝ ሲሊንደር ስንፈትሽ የሳሙና አረፋ እንቀባለን። እዚህ አይሠራም፤ አየሩ ወደ ውስጥ ስለሚገባ አረፋ አይወጣም፤ ሳሙናው ይሳባል። ወፍራም የጢም መላጫ አረፋ ግን ይሆናል። መጋጠሚያው ላይ ስትቀቡት ቀዳዳው ያለበት ቦታ ጉድጓድ ይሆናል። ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ይዛችሁ መስመሩን ብትከተሉም ሶፍቱ ወደ ቀዳዳው ይጠጋል። ጫጫታ ካለ ቀጭን ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ጋ፣ ሌላውን መጋጠሚያው ጋ አድርጋችሁ አዳምጡ። ፉጨቱ ጥርት ብሎ ይሰማል። በጢስ የሚፈልጉም አሉ። የእንጨት ዱቄት በሞላበት ቤት እሳት ይዞ መዞር ግን አልመክርም።

ከዚያ በፊት ግን መስመሩን በክፍል በክፍል ለዩ። ፓምፑን አስነስታችሁ ጠረጴዛው ጋ ያለው ጌጅ (ከጠረጴዛው ቫልቭ በፊት የተገጠመው) ሲረጋ ከፓምፑ በኋላ ያለውን ቫልቭ ዝጉና ፓምፑን አጥፉ። ጌጁ ቶሎ ከወደቀ ቀዳዳው ከቫልቩ ወደ ጠረጴዛው ባለው በኩል ነው። ቀጥሎ የጠረጴዛውን ቫልቭ ዝጉና ድገሙት። አሁን ከረጋ ጎማው ደህና ነው፤ የሚያስገባው ጠረጴዛው ነው። የኤምዲኤፉ ጎን በቀለም ወይም በኮላ ካልተዘጋ ከዚያ ብቻ ብዙ አየር ይገባል። ክረምት ላይ ኤምዲኤፍ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ ደግሞ ፊቱ እንደገና መላግ አለበት።

በየስንት ጊዜው ይታይ?

ከፓምፑ በፊት ያለው ፊልተር ብዙ የሚቆርጥ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ መራገፍ አለበት። የታፈነ ፊልተርና የጠበበ ጎማ ጠረጴዛው ጋ ባለው ጌጅ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። ጎማውን ራሱን በወር አንዴ ታጠፍ ዘርጋ አድርጋችሁ እዩት። ከፋሼታው አጠገብ ስንጥቅ ካለ 5 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ መልሳችሁ ግጠሙ። ለዚህ ነው ሲዘረጋ ትንሽ ትርፍ መተው ያለበት።

ጎማ የሚያደርቀው ሙቀትና ፀሐይ ነው። ብርሃን በሚያስገባ ላስቲክ ቆርቆሮ ሥር የሚያልፍ ጎማ ቶሎ ይደርቃል። የፓምፑ አየር ማስወጫ ስለሚግል ከዚያም አርቁት። መሬት ላይ አታጋድሙት፤ ጋሪ ይረግጠዋል፣ አይጥም ይበላዋል። ውስጡን በኮምፕሬሰር ስታጸዱ ሁለቱንም ጫፍ ንቀሉ። ከፓምፑ ጋር እንደተያያዘ ከነፋችሁት ዱቄቱን በሙሉ ፓምፑ ላይ ጫናችሁት ማለት ነው።

መብራት ቢሄድስ?

መብራት ሲሄድ ፓምፑ ወዲያው ይቆማል። ስፒንድሉ (ቢቱን የሚያሽከረክረው ክፍል) ግን ለጥቂት ጊዜ በራሱ ይሽከረከራል። ጣውላው በዚያ ቅጽበት ከለቀቀ ይበራል። መከላከያው አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭና ቫኪዩም የሚያጠራቅም አንድ ታንከር ነው። ቫልቩ ከፓምፑና ከታንከሩ መሃል ይገባል። በደንብ የታሸገ መያዣ ላይ ስፒንድሉ እስኪቆም ያደርሳችኋል። ኤምዲኤፍ ላይ ግን አየሩ ቶሎ ስለሚመለስ አትተማመኑበት።

አንዳንድ ማሽን ቫኪዩሙ ከቀነሰ ስፒንድሉን የሚያቆም ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ይህ ፋብሪካ ላይ 0.70 ላይ ተስተካክሎ ከመጣ አዲስ አበባ ላይ ማሽኑ ጭራሽ አይነሳም። ያኔ በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ይጀመራል። ይህ አደገኛ ነው። ማብሪያውን እናንተ ጋ በጤናው ቀን ከሚታየው ቁጥር ትንሽ ዝቅ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል።

ፓምፑ ጥፋተኛ የሚሆነው መቼ ነው?

ጎማውን ከፓምፑ ንቀሉና አፉን ጌጅ በተገጠመበት ክዳን ዝጉት። የመጽሐፉ ቁጥር በ0.75 ተባዝቶ የሚገኘው አካባቢ ከደረሰ ፓምፑ ጤነኛ ነው። አየር በብዛት የሚያንቀሳቅሰው የነፋሻ ዓይነት ፓምፕ ግን አፉ ተዘግቶ መቆየት የለበትም፤ ቶሎ ይግላል። በውሃ የሚሠራ ፓምፕ ከሆነ ውሃው ሲሞቅ ቫኪዩሙ እንደሚቀንስ አስታውሱ። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚደክም ከሆነ የውሃውን ሙቀት ንኩ።

ቦታ ለቀየሩ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ፓምፑ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ አዲሱ ቤት ሲቀጠል ሁለት ሽቦ ተቀያይሮ ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል። ድምፁም ንዝረቱም ያው ሊመስል ይችላል፤ በደንብ አይስብም እንጂ። ከሞተሩ አካል ላይ የዙረቱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ። ለአንድ አፍታ አስነስታችሁ ማራገቢያው ወዴት እንደሚዞር እዩ። ከቀስቱ ጋር ካልተስማማ ኤሌክትሪሺያኑ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ያቀያይራቸዋል።